ገመዱ ከታች ነው

ከቀበና ድልድይ ሥር፣ ወንዙ በሚታጠፍበት፣
የታክሲው ጥሩምባ ከላይ ተንጠባጥቦ በሚሰማበት፣
አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ፣ የቆመ እንደ ሰሌዳ፤
ሃያ ዓመት በላዩ ሳልፍ ለእኔ ያው ሜዳ ነበር፣ ሜዳ።

ቅዳሜ ነው። መኪና አጣቢዎቹ አልመጡም ገና፤
ጃርሶ ገመዱን ይፈታል፣ ተንበርክኮ፣ በጽሞና።
ተንበርክኮ። ይህን ልጅ እኔም አንበርክኬው አውቃለሁ፤
ስምንተኛ «ለ» ክፍል፣ ከበሩ ጎን፣ አስታውሳለሁ፤
አርፍዶ አጥር ዘሎ ገብቶ፣ ሱሪው ከጭኑ ተቀዶ።
«አንተ ልጅ፣ ከመንጠልጠል ሌላ ምን ታውቃለህ?» ስለው
ክፍሉ ሲስቅ፣ እሱ ብቻ መሬቱን ነበር የሚያየው።

አሁን የባንክ ፎቅ መስታወት ያጥባል፣ ሰንጋ ተራ፣
ሰኞም ማክሰኞም በገመድ፤ ቅዳሜ ደግሞ ከድንጋይ ጋራ።
እኔ ያው ሒሳብ አስተምራለሁ። ዕድሜዬ አርባ ሦስት፤
ሐኪም «ተንቀሳቀሺ» ቢለኝ እንጂ ምን ከተተኝ ከዚህ ጉድባ ውስጥ?

እስከ ዛሬ ገመዱ ከላይ ነበር፤
ብወድቅ ስንዝር፣ ቢበዛ ክንድ። እንዲያ ሆኖ ማን አይደፍር!
ዛሬ ግን፣ «ቲቸር» አለኝ፣ «ዛሬ እርስዎ ይምሩ፤
ገመዱ ከታች ነው፤ እየወጡ ነው የሚያሥሩ።»

መምራት ማለት ከፊት ቆሞ መናገር ነበር የመሰለኝ፤
ከፊት ማንም እንደሌለ ማን በነገረኝ!

እጄን ከረጢቱ ውስጥ ከተትኩ። ያው ጠመኔ ነው ዱቄቱ፤
ሃያ ዓመት ደረቴን ያፈነ፣ ዛሬ ለላቤ መድኃኒቱ።
ወገቤ ላይ መንጠቆው ይንኳኳል፣ እንደ በቅሎ ቃጭል።

አንደኛው ብሎን፦ ቀጭ።
ሁለተኛው፦ ሁለቴ ስቼው፣ በጥርሴ ገመዱን ይዤ፣
ቀጭ።

ከብሎኑ ሜትር ተኩል አለፍኩ፤ ብወድቅ ሦስት ነው፣ እጥፉ፤
የገመዱን መሳብ ጨምር። ሒሳብ ማወቅ ይኸው ነው ትርፉ።
ቀኝ እግሬ፣ ሰው እንደሚጠብቅ ሚኒባስ፣ ቆሞ ይንቀጠቀጣል፤
ከላይ ወያላው «ፒያሳ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» ይላል።
አንድ ሰው ብቻ። እኔ ነኝ።
ልብስ የምታጥብ ሴት ከማዶ ቀና ብላ አይታኝ፣
«ምን ጠፍቶባት ነው?» አለች።

«እግርዎን ይመኑ፣ ቲቸር! እጅዎ ይረፍ! እግርዎን!»
እንዴት ልመን? ይኸው እግር ነው ደረጃ ላይ የሚከዳኝ።
ግራ እጄን አላቀቅሁ። ሦስተኛው ብሎን ስንዝር ቀረኝ።

ስንዝር።

ድንጋዩ ሽቅብ ሄደ፤ እኔ የቆምኩ ነበር የመሰለኝ፣
ሆዴ ብቻ ከላይ ቀረ፣

«ያዝኩሽ!»

«ሽ» ነው ያለው።
ቁልቁል ሳይ፣ እሱም ከመሬት ተነሥቶ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣
ድንጋዩን በእግሩ ደግፎ፣ እኔን በወገቡ ተሸክሞ፣
«ይቅርታ ቲቸር... እርስዎን ለማለት... አፌን አዳልጦኝ...»

ጉልበቴ ተልጦ ደሜ ይወርዳል፤ እሱ ላንዲት ፊደል ይቅርታ ይላል።
እኔ ስለዚያ ስለ ጉልበቱ መቼ አንድ ቃል ተናግሬያለሁ?

«አንቺ በለኝ» አልኩት፣ አየር ላይ ቀስ ብዬ እየዞርኩ።
አልቻለም። ሳቀ።
«እሺ ቲቸር። ዝቅ ላድርግዎት?»

«ቆይ።»

ሦስተኛውን አሠርኩ፦ ቀጭ። አራተኛውን አልነካሁትም፤
ጫፉ ላይ አንድ ቁልቋል አለ ይላል እሱ፤ አላየሁትም።

ሰኞ ጠዋት፣ ከሰልፍ በኋላ፣ አንድ ልጅ አጥሩ ጫፍ ላይ፣
አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ፣ ደርቆ ቀረ እኔን ሲያይ።
«ውረድ!» ልል አፌን ከፈትኩ። ጉልበቴ ቀሚሴን ነካው።
«እግርህን እመን» አልኩት። «ቀስ። ግራህን መጀመሪያ።»
ወረደ።
ስሙን ግን ጻፍኩት። አርፍዷል።